የጠጂቱ ደም ስር በካሜራ፣ የእኔ በመስኮት

ለክቡር የሕክምና ሪፈር ቦርድ ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቦርድ አባላትዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የእኔ የልብ ቫልቭ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንደምንም እየተከፈተልኝ ነው።

በገበያው ሰሊጥ የምሸጠው የወርቅውሃ ነኝ። ጎረቤቴን ጠጂቱን ያውቋታል፤ አዲስ አበባ የላኳት እርስዎ ነዎት። ሁለታችንም በአንድ ቀን ተመርምረን ቫልቫችሁ ጠብቧል፣ የልባችሁ ደም ስርም ሳይጠብ አይቀርም ተባልን። እሷ ሄደች፤ እኔ ወደ ሰሊጤ ተመለስኩ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. ጠጂቱን ሐኪሞቹ ቫልቯን ከመቀየራቸው በፊት በእጇ አንጓ በኩል ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ደም ስሯን ከውስጥ አይተውላታል። የፈሩት ጥበት የማያሰጋ ሆኖ ስለተገኘ ተዉት፤ ማንም ያልጠረጠረው ሌላው ደም ስር ግን ብሶበት ስለነበር ስቴንት የሚሉትን ማስፊያ ሽቦ አስገቡለት። ይህን ያወቅሁት ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ምርመራው የተቀዳበትን ፍላሽ ቴሌቪዥኗ ላይ ሰክታ ስለምታሳየኝ ነው። አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ ብያት ስወጣ እስከ ቤቴ ድረስ በቅናት እቃጠላለሁ፤ አልደብቅዎትም።

፪. የእኔ ምርመራ ግን እጅግ ፈጣን ነበር። ለቦርድ የቀረብኩ ዕለት ከባጃጅ ወርጄ ግቢውን ሳቋርጥ አንድ አባልዎ በመስኮት አይተውኝ ኖሮ፣ ገና ሳልቀመጥ «በእግሯ የመጣች ሰው ምን አስቸኮላት?» አሉ። ጠጂቱ የቀረበችው በሁለት ልጆቿ ተደግፋ ነው። እኔ የሚደግፈኝ ልጅ የለኝም። ደረጃው መሃል ሁለት ጊዜ ቆሜ ትንፋሼን መሰብሰቤ በመስኮቱ አልታየም መሰል። የሰው ደም ስር ከሩቅ የሚያነብ ዓይን በክልላችን በመኖሩ ኮርቻለሁ።

፫. ከዚያ ወዲህ የውሳኔ ቀጠሮዬን አንዴ በሥልጠና፣ አንዴ በስብሰባ፣ አንዴም ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ብላችሁ ስላስተላለፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ግን ከክረምቱ በፊት ካልታከምሽ እሰጋለሁ ብሎኛል። ክረምቱ ገብቷል፤ እኔም ፈርቻለሁ። ጠጂቱ ለምን ዳነች አላልኩም፤ እሷ የታየችውን ያህል ልታይ ነው ያልኩት።

የእርስዎ ልብ በማንም ቦርድ አጀንዳ ላይ እንዳይያዝ ከልብ እየተመኘሁ፣
እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ለመቆየት የምትጥረው፣ አክባሪዎ
የወርቅውሃ ሀብቱ

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዎ ትናንት ደውላ ፋይሌ እንዲንቀሳቀስ ሁለት ጉርድ ፎቶ እንዳመጣ ስላዘዘችኝ አያይዣለሁ። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ ስላለኝ ፈገግ ብያለሁና፣ እባክዎ ይህን አይታችሁ ድናለች ብላችሁ ፋይሌን እንዳትዘጉት።