ከግንቡ ማዶ የተሰጣው በርበሬ

ለውድ እህቴ ለፋሪዳ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን ይዞ ያስቸገረሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ስትጎነበሺ ይወጋሻል? ሰይፈዲን እንዴት ነው? ልጆቹስ፣ ትንሿ ያ ሳሏ ተዋት? በዚህ ወር የጅዳ ሙቀት ትንሽ ይረግባል ብለሽኝ ነበር፤ ረግቦላችሁ ከሆነ ደስ ይለኛል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ዘንድሮ ብርዱ እንደ አምናው ደረቷ ላይ አልጠናባትም። ባለቤቴ ኢብራር እንደ ልማዱ ሱቁ ውስጥ ውሎ ይገባል። ልጃችን ሰልሳቢል ደግሞ በቁመት እኔን ልታልፍ ትንሽ ነው የቀራት፤ ብታዪያት አታውቂያትም።

የጠየቅሽኝን ሳልመልስ ይህን ያህል በመቆየቴ ሳትቀየሚኝ አትቀሪም። የላክሻቸውን ድምፆች ሁሉ ሰምቻለሁ። ልመልስልሽ ስልኩን ሳነሣ እማዬ አጠገቤ ትሆናለች፤ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ድምፄ እምቢ ይለኛል። ከሰፈራችን ለዑምራ የሚሄድ ሰው መኖሩን ስሰማ፣ በወረቀት ቢሆን ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። በወረቀት ፊቴ አይታይሽም።

ጥያቄሽ ቀላል ነበር። የጎረቤታችን የእትዬ ሸዋገነት ልጅ ሶፊ ከጥምቀት በኋላ ልትዳር ነውና የሰርግ ስጦታ የምንጣፍ አቧራ መሳቢያ ቫኪዩም ልላክላት፣ ግን ከረጢት ያለው ይሻላል ወይስ እንደ እናንተው ያለ ከረጢት የሚሠራው? አንቺ ተጠቅመሽበታልና ንገሪኝ፣ ነው ያልሽው። ለመመለስ ግን ያደረግሁትን መናገር ግድ ሆነብኝ።

አምና ለእኛ ስትልኪ ከረጢት ያለውን ልትገዢ አስበሽ ነበር። ለእማዬ ደረት እሱ ይሻላል ብለሽ መከርሽኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ዘነበወርቅ ሰፈር ያለችው የኢብራር እህት ቤት ያየሁትን ይዤ ነው የተከራከርኩሽ። የእሷ ማሽን ከረጢቱ ሲያልቅባት ጦር ኃይሎች ያሉትን ሱቆች ሁሉ ጠየቀች፤ የተገኘው ከረጢት አፉ ለማሽኑ አይገጥምም። አሮጌውን ቀድዳ አራግፋ መልሳ ብትሰፋው አቧራው በስፌቱ እየወጣ ቤቱን ሞላው። አሁን ያ ማሽን ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሎ ራሱ አቧራ ለብሷል። ከረጢት የሌለው ግን ደፍተሽው መልሰሽ ትገጥሚዋለሽ፤ የማንንም ሱቅ ደጅ አያስጠናሽም። ይህን ነበር ያልኩሽ፣ ደግሞም ውሸት አልነበረም።

ማሽኑ ከመጣ በኋላ ኩራት ነካኝ። አቧራው የሚጠራቀምበት ዕቃ እንደ ብርጭቆ ውስጡን ያሳይ የለ? ሰው ሲመጣ ነቅዬ አወጣና፣ ይሄ ሁሉ የወጣው ከዚህ ንጹሕ ከሚመስለው ምንጣፍ ነው እያልኩ አሳያለሁ። እትዬ ሸዋገነት አይተው ተገርመዋል። እሳቸው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ከባሏ ከገመቹና ከሕፃን ልጇ ጋር የምትኖረው ሌሊሴም አይታ፣ እኔማ ምንጣፍም የለኝ፣ ከየት አመጣለሁ ብላ ሳቀች።

ያልነገርኩሽ ነገር ቢኖር የመድፋቱን ነው። ከረጢት ያለው አቧራውን ሆዱ ውስጥ ዘግቶ ይይዘዋል፤ አፉን አፍነሽ ከነጉዱ ትጥይዋለሽ። የእኛው ሲከፈት ግን ያ ሁሉ የተለቀመ አቧራ እንደገና ይነሣል። ቤት ውስጥ አንድ ቀን ብከፍተው እማዬ ትንፋሽ አጥሯት ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ውጭ አወጣና ባልዲ ውሃ ውስጥ አጥልቄ እደፋዋለሁ፤ ጭቃውን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ አስቀምጣለሁ። ማጣሪያውም መታጠብ አለበት፤ በደንብ ሳይደርቅ ከተገጠመ ይሸታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀላል አይደለም።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ሐሙስ የኢብራር ዘመዶች ከወልቂጤ ሊመጡብን ነበር። ምንጣፉን ጠርጌ ስጨርስ ዕቃው ሞልቶ ጢም ብሏል። ቧንቧው ደርቋል፤ በበርሜል የቀረችውን ውሃ ለእንግዶቹ ለውዱእና ለምግብ ነበር የምፈልጋት። በጓሮ ወጣሁና ግንቡ ሥር ያለው አፈር ላይ ልደፋው ብዬ ከፈትኩት። ታች ተጣብቆ የቀረው አልወርድ ሲለኝ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቆሜ ከግንቡ ጋር አጋጨሁት። በዚያች ቅጽበት ነፋስ መጣ። አቧራው እንደ ጭስ ተነሥቶ በግንቡ ላይ አልፎ ሲሄድ አየሁት።

አንገቴን አስግጌ ተመለከትኩ። እትዬ ሸዋገነት የሶፊን የሰርግ በርበሬ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ደልዘው፣ ትልቅ ሸራ ላይ አስጥተውት ወደ ገበያ ሄደው ኖሯል። በርበሬው ገና እርጥብ ነው። ዛላ ቢሆን ታጥቦ ይድን ነበር፤ ድልዙ ላይ የተጣበቀ አቧራ ግን በምን ይለቀማል? የእኛ ምንጣፍ ብናኝ፣ የእኛ ፀጉር፣ ግራጫ ሆኖ በዚያ ቀይ ላይ ተኝቷል።

ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። ከድንጋዩ ወረድኩ። ወዲያው በሩ ተንኳኳና እንግዶቹ ገቡ። እነሱ ሲሄዱ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ወላሂ እትዬ፣ ያን ጊዜ ልነግራቸው ነበር ሐሳቤ። እንግዶቹን ሸኝቼ ወጥ ቤት ዕቃ ሳነሣ ግን የእትዬ ሸዋገነት ድምፅ በግንቡ ላይ መጣ። ሌሊሴ ያን ጠዋት የልጇን ፍራሽና ብርድ ልብስ ገመድ ላይ አውጥታ አራግፋ ነበር። ሌላ ማን ይጠረጠራል? እሷ እያለቀሰች፣ እኔ ያራገፍኩት በዚያ በኩል ነው፣ በርበሬው አጠገብ አልደረስኩም ትላለች። እሳቸው አልሰሟትም።

«የልጄን ሰርግ ነው ያበላሸሽብኝ። ወሩ ሲያልቅ ክፍሌን ልቀቂልኝ» አሏት።

እኔ ብርጭቆ በእጄ ይዤ ቆሜ ሰማሁ። ከእኔ ወጥ ቤት እስከ እሳቸው በር ምን ያህል እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ግን አልሄድኩም። ነገ አልኩ። በማግስቱ ግን የምናገረው ነገር በዝቶ ጠበቀኝ፤ አቧራው ብቻ ሳይሆን ዝም ማለቴም ተጨመረበት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለካ ለዚህ ኖሯል።

አሁን የምነግርሽን ከሁሉ በላይ አፍርበታለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሸዋገነት ብሶታቸውን ለእማዬ ሊነግሩ ቤታችን መጡ። እኔ ሻይ አቀረብኩላቸው። የበርበሬውን ነገር ሲያነሡ ዝም ብል እንኳ ባልከፋ። አፌ ግን ብቻውን ተከፈተና፣ አይዞዎት፣ የዛሬ ልጆች መቼም ጥንቃቄ የላቸውም አልኩ። እንዲህ ብዬ ሻያቸው ላይ ስኳር ጨመርኩላቸው።

ቅዳሜ ኢብራር መግሪብ ሰግዶ ሲገባ ፊቱ ተክዞ ነበር። ገመቹ፣ ሚስቴ ስሟ ጠፍቶ ከዚህ ግቢ አትወጣም ብሎ ሽማግሌ ጠይቋል። የተመረጡት የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ገረሱና ኢብራር ናቸው። ልጅቷ በሕፃኗ ምላለች፣ የምትዋሽ አትመስለኝም አለኝ። ቀጥሎም አንቺ እኮ ጓሮ ነው የምትውይው፣ ምንም አላየሽም? ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ነገርኩት። የሻዩንም ቀን ጨምሬ ነገርኩት።

አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ።

«ነገ ይህን እያወቅሁ ሽማግሌ ሆኜ አልቀመጥም። አንቺን ተክቼም አልናገርም። አብረን እንገባለን፣ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

እሑድ እትዬ ሸዋገነት ቤት ገባን። አቶ ገረሱ ሶፋው ላይ፣ ገመቹ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሌሊሴ ልጇን አዝላ ቆማለች። እኔን ሲያዩ እትዬ ሸዋገነት ፊታቸው በራ፤ ምስክር ሆኜ የመጣሁላቸው መስሏቸው እኮ ነው። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። አልተቀመጥኩም። በርበሬው ላይ የወደቀው አቧራ የእኔ ነው አልኩ። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ የምን አቧራ? አሉኝ። የማሽኑን፣ የነፋሱን፣ ከግንቡ በላይ ማየቴን ሁሉ ተናገርኩ። ሶፊ ያመጣችውን ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እትዬ ሸዋገነት ስለ በርበሬው አንድም ቃል ሳይጠይቁኝ፣

«ዓርብ ዕለት ሻይ ስትሰጪኝ ይህን እያወቅሽ ነው?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ። 

ከዚያ ተነሥተው የሌሊሴን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። እሷ ቶሎ ብላ በሁለት እጇ ያዘቻቸው። ክፍልሽ ክፍልሽ ነው፣ የትም አትሄጂም አሏት። አቶ ገረሱም መርቀው ይቅር ተባባሉ አሉ። እኔም ወደ ሌሊሴ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እስከዚያ ቀን ይህች ልጅ «ሃፊዛዬ» እያለች «አንቺ» ነበር የምትለኝ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ እትዬ ሃፊዛ» አለችኝ። «ግን ሁሉም ሰው በእኔ ላይ የተባለውን ለማመን አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ልጄን እዚህ አላሳድግም።»

በርበሬውን ተካን። ኢብራር ዛላውን ከመርካቶ አመጣ፤ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበን ቀነጠስን። መጥራታቸውን ተጠራጥሬ ነበር፣ እትዬ ሸዋገነት ግን ሶፊን ልከው አስጠሩኝ። ቀኑን ሙሉ አላነጋገሩኝም። ስንበታተን ብቻ፣ የሙስሊም እንግዶቹን ድግስ የምትይዢው እንደተባለው አንቺ ነሽ፣ እንዳትቀሪ አሉኝ። ሌሊሴና ገመቹ ግን በሳምንቱ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ተዛወሩ። ዕቃቸውን ሲጭኑ ላግዝ ወጥቼ አንድ ሳፋ አነሣሁ። ሌሊሴ ቀስ ብላ ከእጄ ወስዳ፣ ተዉት፣ ይከብድዎታል አለችኝ። ሳፋው ውስጥ የነበሩት የሕፃን ልብሶች ብቻ ናቸው።

ለእማዬም ራሴ ነገርኳት፤ ከሰው ብትሰማ ይብሳል ብዬ። አቧራ የሌለበት ቤት የለም፣ አፍሽ ግን ይህን ከማን ተማረ? አለችኝ።  

እንግዲህ የሶፊን ነገር ልመልስልሽ። የምትገባው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጓሮ የለውም፣ ከበረንዳው በታች ሰው የታጠበ ልብስ ያሰጣል። ስለዚህ ከረጢት ያለውን ላኪላት። አቧራው እንደተዘጋ ይወርዳል፣ ማንም ላይ አይበንም። ከረጢቱ እዚህ በቀላሉ እንደማይገኝ ያልኩሽ አሁንም እውነት ነውና፣ የዚያኑ ማሽን ከረጢት በብዛት አብረሽ ግዢ፤ የማሽኑን ቁጥር አሳይተሽ፣ ይመስላል ያልሽውን ሳይሆን የራሱን። ከረጢቱ ሲሞላ ደግሞ መሳቡ ይደክማል ይላሉና ሳይጠግብ እንድትቀይር ንገሪያት። ግቢና ውሃ ላለው ሰው የእኛውም መጥፎ አይደለም። ተናድጄበት እንዳይመስልሽ፤ ማሽኑ ምን አጠፋ? ሰው ቢጠይቅሽ ግን አደፋፉን አስቀድመሽ ንገሪው። እኔ የሚያምረውን ብቻ ነበር ለሰው የማሳየው።

ሰይፈዲንን እጅግ አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ኢብራር፣ ወገብሽን እንዳትዘነጊው፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ይልሻል። እማዬ ከሶላቷ በኋላ ስምሽን ሳትጠራ አትነሣም፤ ዱዓዋ ይድረስሽ። ሰልሳቢል ናፍቃሻለች፣ በስልክ ግን ታፍራለች። እትዬ ሸዋገነት «ፋሪዳ ልጄን ሳሚልኝ» ብለው ትናንት በራሳቸው አፍ ልከውልሻል፤ ሶፊም እንደዚሁ። ሌሊሴ ከአንቺ ጋር ስናወራ በሰማች ቁጥር በግንቡ ላይ «እህትሽንም ሰላም በይልኝ» ትለኝ ነበር። ዛሬ ከእሷ የምልክልሽ ሰላምታ የለኝም።

እህትሽ ሃፊዛ

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.