ታጥበው ይምጡ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፣ ሰቆጣ

ዛሬ ለተፈናቃዮቹ ንፍሮ ስናድል ጭልፋውን ለልጄ ለሜሮን ሰጠኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቴም ጭልፋ ያስያዘችኝ በዚሁ ዕድሜዬ ነበር፤ ከመጨለፍሽ በፊት እጃቸውን እዪ ያለችኝም እሷ ናት። እኔም ለሜሮን ያንኑ ነገርኳት።

ከጎረቤታችን ዝቋላ ወረዳ በእግራቸው የመጡ አንዲት አሮጊት ሳህናቸውን ዘረጉ። ሜሮን እጃቸውን አየችና "እማማ፣ እጅዎ ቆሽሿል። ታጥበው ከኋላ ይሰለፉ" አለቻቸው። ድምፁ ቁርጥ የእኔ ነው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። እጃቸውን ያጠቆረው የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ እንጂ ቆሻሻ እንዳልሆነ አይቻለሁ። ልጄን በሰው ፊት ማሳፈር ከበደኝና ዝም አልኩ።

ሴትዮዋ ሄደው ታጠቡ። እጃቸው እንደዚያው ጠቁሮ ተመለሱና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ድስቱ ባዶ ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" ብለዋት ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሜሮን "እማዬ፣ በውሃ ብቻ ስለታጠቡ ነው ያልለቀቀላቸው። ለሚመጣው ቅዳሜ ሳሙና ይዘን እንሂድ" አለችኝ።

"ጎበዝ" አልኳት። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለኝ።