መዝሙሩ ከማን ስልክ ወጣ

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እዚያ ቤት፣ ሞርሲቶ፣ ዝናቡ ጠንቷል አሉ፤ ጓሮ እየገባሽ እንሰቱን ካልፋቅኩ እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ብከለክልሽም አትሰሚኝም። እኔ በጌታ ምሕረት ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ወዳልኩት ግን ወደ ታች እመለሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ ቆሜ ከአንድ ሚኒባስ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። አልበሙ ገና አልወጣም እኮ። ረዳቱን ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው በሁሉ ሰው ስልክ ላይ አለ አለኝ።

መዝሙሩን ቀድሞ እንዲሰማ የሰጠሁት ለሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ለአንቺ፣ ለወንድሜ ለቲቶና ስልክ ላይ መዝሙር ለሚጭነው ባለሱቅ ለፈትሁዲን። ቲቶ ወዲያው በፈትሁዲን ላይ ጣቱን ቀሰረ። እኔም በንዴት ሱቁ ድረስ ሄጄ ያልሆነ ነገር ተናገርኩት። እሱ ወንበር ሲያቀርብልኝ ጭራሽ ባሰብኝ።

ያበረደችኝ የስቱዲዮዋ ገነቴ ናት። ቅጂዎቹን በይለፍ ቃል ቆልፋቸው ነበር፤ ቃሉን ያላወቀ አንዲት ዜማ አይሰማም። አንዴ ከተከፈተ ግን ቁልፉ አይጠብቀውም ብላ፣ በየቅጂው ድምፅ ውስጥ ጆሮ የማይለየው የተቀባዩን ምልክት ደብቃበታለች። ቢገለበጥም ምልክቱ አብሮ ይሄዳል። ከረዳቱ ስልክ የተቀበልኩትን መረመረችና ኮምፒዩተሯን ወደ እኔ አዞረችው። እማዬ ይላል።

ለጎረቤትሽ ለእትዬ አባይነሽ ደወልኩ። ለጸሎት ቡድናችሁ ሴቶች በሙሉ ልከሽላቸዋል አለች። እንዳትረሺው ብዬ የመረጥኩልሽን የይለፍ ቃል፣ መዝሙረ ዳዊት መቶ ሃያ አንድን፣ እንደ ሰንበት ትምህርት ጥቅስ አስይዘሻቸዋል። ሳቄ መጣ። ምን ብለሽ እንደሰጠሻቸው ስትነግረኝ ግን መሳቄን ተውኩ። ይህን ድምፅ እየሰማችሁ ስለ ልጄ አንገት ጸልዩልኝ ብለሻል።

እኔ እኮ ከአንገቴ የማላወልቀው ሻርፕ ለብርድ ነው ብዬሽ ነበር። ለካ ባለፈው መጥቼ ስትሸኚኝ ሻርፑን ሁለቴ ያስተካከልሽልኝ ለብርዱ አልነበረም።

ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ። የአንገቴ እንቅርት ወደ ድምፄ ጅማት ስለተጠጋ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንደ ድሮው መዘመሬ አይታወቅም ብሎኛል ሐኪሙ። አልበሙን ያጣደፍኩት ለዚህ ነው። ፈርቻለሁ እማዬ። ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል፤ ስነቃ መናገር ቢያቅተኝ አንቺ አውሪኝ።

ፈትሁዲንን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ነገሩን ሲሰማ ሳቀ፣ ከዚያ እሱም በራሱ ጸሎት እንደሚያስበኝ ነገረኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሙሉውን አልበም በፍላሽ ልኬልሻለሁ። ገነቴን ያንቺን አትቆልፊው አልኳት። ለወደድሽው ሁሉ ስጪ። ምልክቱን ግን አላስነሳሁትም፤ ድምፄ የትም ቢደርስ ካንቺ እንደወጣ ይታወቅ።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ የሰኞ መንገድሽን ያቅናልኝ።

ሻርፑን ያስተካከልሽላት ልጅሽ