ልከኛውን መንገድ ሲፈልጉ የኖሩት አቶ ሠረቀብርሃን ወልደሰንበት

አባታችን አቶ ሠረቀብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ገላው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለተጊዮርጊስ በላይነህ ታኅሣሥ 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወለዱ። በዚያው ሠፈር ተምረው በኅትመት ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ በ1978 ዓ.ም. መገናኛ አካባቢ በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠሩ። በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማዕዶት ሀብቶም ጋር ጋብቻ መሥርተው እኔን ፌበንንና ታናሽ ወንድሜን ነአምንን ወለዱ።

በ1991 ዓ.ም. የታክሲ ሰልፍ አስመርሯቸው ብስክሌት ገዙ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አልነበራቸውም። ያን ጊዜ የምንኖርበት ቤት ከሥራቸው ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ «እንቅልፌ ሳይለቀኝ እደርሳለሁ» ብለው ለቀቁት። አያት ገባን። አሥሩን ኪሎ ሜትር ሲመላለሱ ከርመው አንድ ቀን ከወረቀት መቁረጫው አጠገብ አሸለቡና የግራ እጃቸውን የቀለበት ጣት ጫፍ አጡ። ወደ ተወለዱበት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተመለስን፤ ጠዋት ቁልቁለቱ እያንደረደረ ያደርሳቸዋል፣ ማታ ግን ዳገቱ ጨርሷቸው ሳያናግሩን ይተኛሉ። በዘጠኝ ዓመት ሰባት ቤት ቀየርን፤ እኔም አራት ትምህርት ቤት።

በ2000 ዓ.ም. ኮተቤ ሳለን፣ ካራ ሠፈር ሌላ ቤት አግኝተው የዕቃ መኪና ይዘው መጡ። እናታችን ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

«ሠረቀ፣ አንተን ያስቸገረህ ርቀቱ አይደለም፤ አንድ ቦታ መርጋት ነው። እኔና ልጆቼ ከዚህ ንቅንቅ አንልም» አሏቸው።

አባታችን ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆይተው ሹፌሩን ይቅርታ ጠይቀው ሸኙት። ከዚያም ገብተው የፈቱትን የአልጋ ብሎን መልሰው ማጥበቅ ጀመሩ።

ከኮተቤው ቤት እስከ ማተሚያ ቤቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ነበር። አንዳንድ ቀን በየካ ሚካኤል ዞረው ያረዝሙታል፣ ሌላ ቀን በአቋራጭ ያሳጥሩታል። ቢሆንም እራት ሳይቀርብ ይደርሱ፣ ነአምንንም ሒሳብ ያስጠኑት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የሚሄዱበት ጠፍቶ ተጨነቁ። በየጠዋቱ በብስክሌት እንጦጦ ማርያም ይወጡ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የልብ ሕመም ተገኘባቸው። ሐኪሙ ዳገት ሲከለክሏቸው «ሜዳውስ ስንት ኪሎ ሜትር ይፈቀድልኛል?» ብለው ጠየቁ። «በእግርዎ፣ እስከ ግቢዎ በር» አሏቸው። እናታችን ክንዳቸውን ይዘው በየቀኑ ያመላልሷቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግቢው መሐል ላይ ቆም ብለው «እዚህ ፀሐዩ ደስ ይላል ማዕዶት፤ አንቸኩል» አሉ።

አባታችን ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ለነፍሳቸው የማይለቁትን ማደሪያ ይስጥልን፤ እናታችንንም ያበርታልን። አሜን።