ሁለት ጊዜ የወደቀው ቴአትር

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ እስክንድር፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ያ በክረምቱ ያስቸገረህ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቀህ እያባባስከው ነው? ወሰንየለሽስ ደህና ናት? ትንሿ ዝማሬስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የድሬዳዋ ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬን አልፎ አልፎ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም የምትውልበት ቀን የለም። ዝናቡ ዘንድሮ ወቅቱ አልፎም አልለቀቀንም፤ ቡናው ሳይረግፍ ለመልቀም ሰው ሁሉ ጫካ ለጫካ ይሯሯጣል። ከዚህ በቀር የሚያስቸግረን ያንተ ናፍቆት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። ስልክ ብደውልልህ ይቀል ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ምላሴ እንደሚተሳሰር ስለማውቅ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ምናልባት ሰሞኑን አንዱ ከቦንጋ ደውሎ ነግሮህ ይሆናል። ካልሰማህ ግን ከእኔው ስማው። ወንድም ጋሼ፣ አሳፍሬሃለሁ። የሰው ቤትም አስለቅሻለሁ። ነገሩ ያ ቴአትርህ ነው።

ይህን ስታነብ ፊትህ እንዴት እንደሚጠቁር ይታየኛል። አንድ ጊዜ ድሬዳዋ እናንተ ዘንድ የመጣሁ ጊዜ «የዛፉ ሰው» ብዬ ስሙን ባነሳብህ፣ የያዝከውን ሻይ አስቀምጠህ «ፍሬ፣ እሱን ነገር ተይው» አልከኝና ተነስተህ ወጣህ። ልብወለዶችህን አገር ያነባቸዋል፤ ተማሪዎቼ ከነገጻቸው ይጠቅሱልኛል። በመጽሐፎችህ ጀርባ ስለ አንተ በተጻፈው ውስጥ ግን አንድ ቀን ቴአትር ጽፈህ ነበር የሚል ቃል የለም። እኔም የማውቀው ጭላንጭሉን ነው። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ አዳራሽ አልገባሁም። ትዝ የሚለኝ ማታ ቤት ገብተህ እራት ሳትበላ መተኛትህ፣ በማግስቱም በማለዳው አውቶቡስ የጅማን መንገድ ይዘህ መሄድህ ነው። ሰዉ ቴአትሩ ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ፣ አዳራሹ ባዶውን ቀረ ሲባል ሰማሁ። ለምን ወጣ ብዬ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። አንተም ድርሰቱ ስላላማረ ነው ብለህ ይዘኸው እንደኖርክ ይገባኛል። ከዚያ ወዲህ ቦንጋን አልረገጥክም፤ እማዬ ናት እየተነሳች መጥታ የምታይህ።

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን የቴአትር ክበብ ለእኔ ተሰጠ። ለአንተ ክብር አንድ ዝግጅት ይደረግ ተባለና ስብሰባ ተቀመጥን። ሌሎቹ መምህራን ከልብወለዶችህ ጥቂት ገጾች ይነበቡ ብለው ሊጨርሱት ነበር። እኔ ግን እጄን አወጣሁና «ወንድሜ ማንም የማያውቀው ቴአትር አለው» አልኩ። ምን አፌን እንዳከከኝ እንጃ። ውስጤን ስፈትሸው፣ ግማሹ ያ ክፉ ቀን እንዲካስልህ መመኘቴ ነው፤ ግማሹ ግን ከሰው ሁሉ ይልቅ አንተን የማውቅህ እኔ ነኝ ለማለት ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። አንተን ማስፈቀድ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ አይደለም። እንቢ እንደምትል ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁህ።

ጽሑፉ ከየት ይገኛል ሲባል መልሱ ጋሽ አምባው ዘንድ ተገኘ። ያኔ ከአንተ ጋር ያስተምሩ የነበሩት፣ በቴአትሩም የሟቹን ልጅ ሆነው የተጫወቱት ጋሽ አምባው ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቴአትሩን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው ይዘውታል። እየተንጎራደዱ ሲነግሩን ተማሪዎቹ እየተቀባበሉ ጻፉት። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ የወጣ ማር ቆራጭ ወድቆ ይሞታል። ቴአትሩ የሚጀምረው በእድር ጥሩንባ ነው። ጥሩንባ ነፊው «ጋሽ ገብረሚካኤል አርፈዋል» ብሎ ሲለፍፍ መጋረጃው ይከፈታል። የሟቹን ስም የወሰድከው ከጎረቤታችን ከጋሽ ገብረሚካኤል እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ልጅ ሳለህ ጫካ ይዘውህ የሚሄዱት፣ ማር የሚያቀምሱህ እሳቸው ነበሩ። አክብሮት ነው አልኩ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም። እሳቸው ዛሬም አሉልህ፤ እርጅና ቢጫናቸውም ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ባለው ግቢያቸው ውስጥ እንደ ድሮው ይኖራሉ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር፤ ግን ግድግዳ የሚያነብ ሰው የለም ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ የቴአትሩን መጀመሪያ እዚያው ሰፈር ውስጥ፣ በእውነተኛ ጥሩንባ ብናስጀምረውስ የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ያኔ የረቀቀ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። የእድራችንን ጥሩንባ ነፊ ቢሻውን አስጠርቼ ስነግረው ራሱን አከከ። «ቲቸር፣ እሳቸው እኮ በሕይወት አሉ» አለኝ። ቴአትር መሆኑን ሁሉም ሰው ያውቃል ብዬ አስረዳሁት። «የእድሩ ዳኛስ ያውቃሉ?» አለ። እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩት። በልምምዱ ሩጫ መካከል ረሳሁት። ለእማዬም አልነገርኳትም፤ ብነግራት ጆሮዬን ይዛ ታስቀረኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ቢሻው ነፋው። በዕድሜው ሙሉ ለሞት ብቻ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፤ ስለ ቴአትሩና ስለ አዳራሹ ጨምር ያልኩትን ጨምሮም ከሆነ የሰማው የለም። የአገርህን ሰው ታውቃለህ፤ ጥሩንባ ሲነፋ ጆሮውን የሚሰጠው ስሙን እስኪሰማ ነው። ከዚያ ወዲያ ነጠላውን ፍለጋ ወደ ውስጥ ይገባል። እንደ ዕድል ሆኖ ደግሞ ጋሽ ገብረሚካኤል ቤታቸው አልነበሩም። እህታቸውን ሊጠይቁ ሺሺንዳ ሄደው እዚያው አድረዋል። ስልክ አይዙም። በራቸው ተቆልፎ ሲታይ፣ ሌሊት ታመው ሆስፒታል ተወስደው ኖሯል ተባለ። እድሩ ድንኳኑን አምጥቶ ግቢያቸው ውስጥ ተከለ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ ሴቶቹ ድስታቸውን ይዘው ገቡ። ከእነሱ አንዷ የገዛ እናታችን ነበረች። የጋሽ ገብረሚካኤል ልጅ ጽጌ የምትኖረው ዋጫ ነው፤ አንዱ ደውሎ አረዳት። ከጎረቤቶቿ ጋር ሚኒባስ ይዛ፣ ደረቷን እየደቃች፣ አባቷ ያሉባትን ሺሺንዳን አልፋ ቦንጋ ገባች።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ አዳራሽ ውስጥ ልብስ ሳስለካ፣ ያንተ ፎቶ ያለበትን ባነር አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ሳስጎትት ነው የዋልኩት። የዝግጅቱ ሰዓት ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው እኛና ከየቢሮው የተጋበዙ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነን። ጋሽ አምባው በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ሲያዩ ቆዩና «ይሄ ቴአትር ዛሬም ሰው አይቀመጥለትም ማለት ነው» አሉ። ትንሽ ቆይቶ ዘግይታ የመጣች ተማሪዬ፣ ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት ነው አለችን። የማን ለቅሶ ብዬ ስጠይቃት ስሙን ነገረችኝ። ባነሩን እንደተንጋደደ ትቼ ሮጥኩ።

አቀበቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ ጽጌ ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ «አባዬ፣ ሳላይህ» እያለች ታለቅሳለች። እማዬ አጠገቧ ሆና ታባብላታለች። ያን ጊዜ ገብቼ አልሞቱም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ያ ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው እያየኝ ይሄ የእኔ ሥራ ነው ለማለት አፈርኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሳመነታ፣ ጋሽ ገብረሚካኤል ራሳቸው ከመኪና ወርደው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ቀስ እያሉ መጡ። ድንኳኑን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁና አጠገቤ ቆመው «ማን ሞተብን፣ ልጄ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘንቢላቸውን ተቀበልኳቸው፤ እሳቸው ወደ ውስጥ ዘለቁ። ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈች የያዙትን ድስት ለቀቁት። ጽጌ ቀና ብላ አየቻቸውና አንዴ ጮኻ ወደቀች። ውሃ እየረጩ ነው ያነሷት።

ነገሩ ሲጣራ የሳቀ አልጠፋም፤ የተቆጣው ግን ይበዛል። ቆሞ ለሚሄድ ሰው መልቀስ ሟርት ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ «ያ ወንድሟም ያኔ እንዲሁ አድርጎ ነበር» ሲባባሉ ሰማሁ። ለካስ ያን ቀን አዳራሹ የተበተነው ድርሰትህ ከፍቶ አልነበረም። በሕይወት ያለ ጎረቤታቸው ስሙ ተጠርቶ ሲለቀስለት ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ሆነባቸውና አንድ በአንድ ወጡ። ለክብር ብለህ ያወጣኸው ስም ነው ቴአትርህን የጣለው። እኔ የቋንቋ መምህርት ነኝ ባይዋ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ያንኑ ስም አንስቼ ከአዳራሽ አውጥቼ መንገድ ላይ አስለፈፍኩት። ከተማው ረስቶልህ ነበር። ዛሬ መጽሐፎችህን ገልጦ የማያውቀው ሁሉ ስለ ወደቀው ቴአትርህ ያወራል። ይህን ያደረግሁብህ እኔ ነኝ።

እማዬ ሰነበተች ሳታናግረኝ። ከዚያ ራሷ ጋሽ አምባውንና የእድሩን ዳኛ ለመነችልኝና ለይቅርታ ሄድን። ድንጋይ ተሸክሜ ጋሽ ገብረሚካኤል እግር ላይ ወደቅሁ። ድንጋዩን ከትከሻዬ አንስተው «ተነሺ፣ እኔስ ምን ሆንኩ? ልጄን ነው ያስደነገጥሻት» አሉኝ። ወደ ጽጌ ዞርኩ። «መኪና ውስጥ ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?» አለችኝና ፊቷን አዞረች። እስከ ዛሬም አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው። ነገሩ እንዲህ ሲከርብኝ ጊዜ ያልሆነ ነገር ቀባጠርኩ። እስክንድርም ራሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቅዎታል አልኳቸው። በሽማግሌ ፊት፣ አንተን ሳልጠይቅ። ይህ ደግሞ ሌላው ጥፋቴ ነው።

እሳቸው ግን ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ስለ ምኑ ነው ይቅርታ የሚጠይቀኝ?» አሉ። ስለ ስሙ፣ ስለ ለቅሶው አልኳቸው። ከዚያ የተናገሩትን ቃል ሳላጎድል ልጽፍልህ እሞክራለሁ። «ሰዎቹ ለእኔ ተሰምቷቸው ነው የወጡት፤ አልተቀየምኳቸውም። እኔ ግን አልወጣሁም። ዛፍ ላይ ስወጣ የምፈራውን ፍርሃት ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም፤ ያ ልጅ ግን አውቆት ጽፎታል። እስኪያልቅ ተቀምጬ አየሁት። ሲያልቅ ሰላም ልለው ከመጋረጃው ጀርባ ዞርኩ፤ በኋላው በር ወጥቶ ሄዷል። ጠዋት ቤታችሁ መጣሁ፤ ተሳፍሯል። ዞር ብሎ ቢያይ እኮ እኔ ተቀምጬ ነበር።» ጋሽ አምባው አንገታቸውን ደፉ። መብራቱ ዓይናቸውን ይወጋቸው ስለነበር ለባዶ አዳራሽ እንደተጫወቱ ነበር እስከ ዛሬ የሚያውቁት። ጋሽ ገብረሚካኤልን ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩንም ብላቸው፣ አፍሮ የሄደን ልጅ ነገር እናቱ ፊት ማንሳት ከብዷቸው እንደኖረ ነገሩኝ። እኛም በበኩላችን ጠይቀናቸው አናውቅም።

ወንድም ጋሼ፣ ስላንተ የገባሁትን ቃል መልሼ አነሳዋለሁ፤ ይቅርታ ልትጠይቅ አትምጣ። የጠላኸውን ነገር መቆስቆሴን ይቅር ባትለኝም ይገባኛል። ግን ሰውየው አርጅተዋል። ቦንጋም እንደምታስበው አይደለችም፤ ሰው ሲያወራህ በክፋት አይደለም። አንድ ቀን እንኳ መጥተህ ሰላም ብትላቸው ለእኔ ከማንኛውም ምሕረት ይበልጥብኛል።

ወሰንየለሽን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሻርፕ ደርሶኛል፣ ያሳፈርኳችሁ እኔ ነኝና ለመልበስ ድፍረቱን ግን አላገኘሁም። ዝማሬን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ቅሌታም ናት ብለህ ግን አትንገርብኝ። እማዬ በዚህ ደብዳቤ ፊደላት ቁጥር ልክ ትስምሃለች፤ ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ አጠገቤ ተቀምጣ ትነግረኛለች፣ የምትነግረኝንም ሁሉ አልጽፈውም። ጋሽ አምባው ለጤናህ እንደምን ነህ ይላሉ። ቢሻውም ሰላም ብሎሃል፤ ጥሩንባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለእድሩ ዳኛ አስረክቧል፣ ይመልሱለት ዘንድ እኔው እየለመንኩለት ነው። ደብዳቤውን የምልክልህ ወደ እናንተ በሚመጣው በጎረቤታችን በሐዲስ እጅ ነው።

ጋሽ ገብረሚካኤልም ሰላም በይልኝ ብለውኛል። ደህና እንደሆኑ፣ አለመሞታቸውንም እንድነግርህ አደራ ብለዋል።

አንገቷን የደፋችው እህትህ፣
ፍሬ

ቦንጋ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.