ጭራ የሌለው የናኦል ድሮን

ለሊሴ ጓደኛዬ፣ ጅማ እንዴት ናት?

ዛሬ እንጦጦ ላይ ያ የክፍላችን ልጅ ናኦል የሠራውን ድሮን ሲያበርር አየሁና በቅናት አረርኩ። ከራዳር እንደሚሰወሩት ድሮኖች ጭራ የለውም። በአንዱ ክንፍ ጫፍ ያሉት ሁለት ክዳኖች አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሲከፈቱ ነፋሱ ያን ጎን ይይዘዋል፤ ድሮኑም ወደዚያው ይዞራል። የእኛው ጭራውን ያነሳንለት ቀን እየተሽከረከረ ጭቃ ውስጥ አልነበር የወደቀው? የሱ ባሕር ዛፉን ታክኮ ታጠፈ!

"እንቺ፣ አንቺም አብርሪው" ብሎ መቆጣጠሪያውን ሰጠኝ። ድሮኑ እሺ ብሎ ሲታዘዘኝ ቅናቴ ባሰ። "ለምን አብረን አንሠራም?" ሲለኝ፣ "እኔ የምሠራው ከለሊሴ ጋር ነው" አልኩት።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እህትሽን ጋዲሴን ሳሚልኝ፣ እናትሽንም ሰላም በይልኝ። ክዳኖቹን በደንብ አይቻቸዋለሁ፤ ስመጣ እንሠራቸዋለን። ጎበዝ ነህ ብዬ ግን አልነገርኩትም።

ሔራን