«ጋሼ፣ በየት በኩል ልውጣ?»

ፊራኦል፣ ና እስቲ አጠገቤ ቁጭ በል። ለአቶ ሣህሌ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ትከሻዬን ተደግፈህ አንብብና የሚያስቀይም ቃል ካየህ አውጣልኝ። «ተው ኤቢሳ፣ ዳኛ ዳኛ ነው፣ ቢሳሳትም ይከበራል» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እሺ፣ አከብራቸዋለሁ። እንዲያውም አንተ ካከበርካቸው አብልጬ ላከብራቸው ቆርጫለሁ። ስድብ አይኖርበትም፣ ቃል እገባልሃለሁ። የበዛብህ ቦታ ስደርስ እጄን ያዘኝ።

ለክቡር አቶ ሣህሌ
የኮረብታ ዋንጫ እግር ኳስ ውድድር የዳኞችና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከአግዳሚው ሲነሱ እንዳስቸገረዎት አይቼ ስለነበር እስካሁን ሐሳብ ሆኖብኛል። ቤተሰብዎ፣ የኮሚቴ አባላቱ፣ ዳኞቻችሁና ፊሽካዎቻቸው ሁሉ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከቤታችን አንድ ሰው ከመጉደሉ በቀር ደህና ነን።

እኔ ኤቢሳ ቀጀላ እባላለሁ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በግማሽ ፍጻሜው ቀን በቀይ ካርድ ያሰናበታችሁት የላይ ሰፈር ቡድን አምበል፣ የአምስት ቁጥሩ የፊራኦል ቀጀላ ታናሽ ወንድም ነኝ። ተጫዋቹን ካላስታወሱት ጉርድ ሾላ ስልክ የሚጠግነው ረጅሙ ልጅ ነው ብል ያስታውሱታል፤ የእርስዎንም ስልክ ሠርቶልዎታል። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ስለ ወንድሜ ካርድ በዝግ የተጠየቁት ነገር ሁሉ በዝግ ስለቀረ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን ሜዳ ላይ ላልነበሩ አንባቢዎች ቦታውን ልንገራቸው። ሜዳችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ተዳፋት ከሚጀምርበት ሥር ነው። በታች በኩል ገደል ነው። በላይ በኩል ተመልካች የሚቆምበት አፋፍ አለ፣ ከሜዳው የሚያስወጣው ብቸኛ መንገድም በዚያው አፋፍ ላይ ያልፋል። አጥር የለም። ተጫዋችንና ተመልካችን የሚለየው የኖራ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም እስከ እረፍት ድረስ ሰው ረግጦት ይጠፋል። ከእረፍት በኋላ የተጋጣሚያችን ተጫዋች የእጅ ውርወራ ሊወረውር ሲሄድ አንድ ተመልካች ፊቱ ላይ ውሃ ረጨበት። እሱ ዞሮ በጥፊ መታው። የተመታው ልጅ ጓደኞች ወደ ሜዳው ወረዱ፣ የመታው ልጅ ጓደኞች ወደ አፋፉ ወጡ፣ ከዚያም ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። ይህ ሁሉ ሲሆን የመሐል ዳኛው ጋሼ ተክሌ ፊሽካቸውን በአፋቸው እንደያዙ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ለተደረገልን ነገር ሁሉ በየተራ ላመስግን።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጣን። የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር እንዳስረዱኝ፣ ከውጭ ረብሻ ሲመጣ ጨዋታውን ለጊዜው ማስቆም ወይም ጨርሶ ማቋረጥ የመሐል ዳኛው ሥልጣን ነው። ማንም አያስገድዳቸውም፣ ማንም አይከለክላቸውም። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥልጣን በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ፣ ከሁለት ካርዶች ጋር አብሮ እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። ጋሼ ተክሌ በዚያ ቀን እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ካርዶቹን ብቻ ማግኘታቸው የኪሱን ጥበት እንጂ ሌላ ነገር አያሳይም። ወንድሜ አምበል ስለነበረ ሮጦ ሄዶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰው ሊሞት ነውና እባክዎ ያስቁሙልን ብሎ ለመናቸው። በዳኛ ሥራ ጣልቃ ገብተሃል ተብሎ ቢጫ ካርድ ተሰጠው። ሲያስቡት ትክክል ነው። ሰው ሊሞት ነው ሲል ማን እንደሚሞት አልገለጸም፣ ያልተሟላ አቤቱታ ደግሞ ተቀባይነት የለውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ማልያ። በአፋፉ ላይ ቆሎ የምትሸጠውን ወይዘሮ የማርያምወርቅን ሳያውቋት አይቀሩም። ከተወረወሩት ድንጋዮች አንዱ ግንባሯን መታትና መስመሩ ላይ ወደቀች። ደሟ ዓይኗን ሸፈነው። ወንድሜ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ፣ ማልያውን አውልቆ ግንባሯ ላይ ጫነ፣ እሷ ራሷ እንድትይዘው እጇን አስያዛት። ማልያ ማውለቅ በቢጫ ያስቀጣል። አንዳንድ የዋሆች ይህ ሕግ ጎል አስቆጥሮ ለሚፈነጥዝ የወጣ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጋሼ ተክሌ ያዩትን እነሱ አላዩም እላለሁ። ምናልባት ወንድሜ በሴትየዋ መድማት ሲደሰት ታይቷቸው ይሆናል። ሁለተኛውን ቢጫ አወጡ፣ ቀጥለው ቀዩን።

ሦስተኛውን ነገር ባጭሩ መናገር አልችልም፣ ይታገሱኝ።

እኔ ከተቀያሪዎቹ ጎን የወንድሜን ጃኬት ይዤ ቆሜ ነበር፣ የተባባሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ቀይ ያየ ተጫዋች ሜዳውንም የሜዳውንም አካባቢ ለቆ መሄድ አለበት፣ ካልሄደ ጨዋታው አይቀጥልም። ጋሼ ተክሌ ጨዋታው እንዲቀጥል ፈልገዋል። ወንድሜ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ደረቱ ላይ የሴትየዋ ደም እንዳለ፣ ወደ ገደሉ አየ፣ ከዚያ ድንጋይ ወደሚወራወሩት ሰዎች አየ። አልተሳደበም። አልተከራከረም። እንደ ተማሪ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ በየት በኩል ልውጣ?»

ጋሼ ተክሌ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ አፋፉ አመለከቱት።

አሠልጣኛችን ጁነይድ ከመስመር ውጭ ሆኖ፣ ልጁ እዚሁ ከእኔ ጋር ይቀመጥ፣ ነገሩ ሲበርድ ይሄዳል እያለ ይጮህ ነበር። የተባረረ ሰው የተቀያሪዎች ወንበር ላይ አይቀመጥም ተባለ። ይህም ሕግ ነው። ወንድሜም ሕግ አክባሪ ስለነበር ወጣ። ጃኬቱን ልሰጠው ስሮጥ በእጁ ቆይ አለኝ፣ እንዳልከተለው። ወደ አፋፉ ሲወጣ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ነበር፣ የሚደባደብ ሰው አለመሆኑን እንዲያዩለት። ድንጋዩ ከጆሮው በላይ አገኘው። ማን እንደወረወረው ፖሊስ እየፈለገ ነው፣ ያ የፖሊስ ሥራ ነውና እርስዎን አልጠይቅም። ማን ወደዚያ እንደላከው ግን ሳልፈልግ አውቃለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ጨዋታው መቀጠል። ወንድሜ ሲወድቅ ፊሽካ ሰማሁ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ በመጨረሻ አስቆሙት ብዬ። ለካ የእጅ ውርወራ ሰጥተው ነው። እኛ ፊራኦልን በሰው ጃኬት ተሸክመን ወደ መንገድ ስንወጣ ከኋላችን ኳስ ሲመታ ይሰማ ነበር። በአሥር ሰው አሸንፈን ለፍጻሜ ማለፋችንን የሰማነው ሆስፒታል በር ላይ ነው። ወንድሜ አልሰማም። ዳኛው ግን ጨዋታው በመደበኛ ሰዓቱ ያለ እንከን መጠናቀቁን፣ በአንድ የተሰናበተ ተጫዋች ላይ ደረሰ የተባለው ጉዳትም ከሜዳ ከወጣ በኋላ የደረሰ በመሆኑ ጨዋታውን እንደማይመለከት ሪፖርት አድርገዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ላቀናበረው ሰው ያለኝን አድናቆት ያድርሱልኝ። ከአንድ ሜዳ ሰው አስወጥቶ፣ በወጣበት ደጃፍ ሲሞት ከእኛ ጋር አልነበረም ማለት ቀላል ችሎታ አይደለም።

አምስተኛ፣ ስለ ለቅሶው። ድንኳኑ ድረስ መጥተው አፈር ይቅለለው ብለዋል፣ የታሸገ ውሃም አስይዘው መጥተዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ ቀጀላ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን አጠገብዎ ተቀምጦ አንድ ነገር ለመነዎት፣ ቀዩን ካርድ አንሱለት አለ። ካሳ አልጠየቀም። ዳኛው ይቀጡልኝ አላለም። እርስዎም በጣም አዝነው፣ የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ስለሆነ ካርዱ እንደማይነሳ፣ በምትኩ በፍጻሜው ቀን የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት እንደሚደረግለት ነገሩት። አሠልጣኛችን በማግስቱ ቢሮ ድረስ ሲመጣ ደግሞ፣ ይግባኝ የሚቀርበው በተቀጣው ተጫዋች በራሱ ነው ተብሎ ተመለሰ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ግንባሯን አሰፍታ ልመስክር ብላ ብትመጣም ተመልካች ምስክር አይሆንም ተባለች። ስለዚህ ተጫዋቹን በአካል ማነጋገር ካስፈለጋችሁ አድራሻውን ልስጥዎ። የካ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አፈሩ ገና ያልረጋው ነው። በሥራ ሰዓት ሁልጊዜ ይገኛል።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ካርድ ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል ብለው በሆድዎ ይጠይቁ ይሆናል። ለእሱ ምንም። እናቴ ዳርቱ ግን ባለፈው ሳምንት ታክሲ ለመያዝ ተሰልፋ ሳለ፣ ማንነቷን የማያውቁ ሁለት ሴቶች ስለ ልጇ ሲያወሩ ሰማች። አንደኛዋ ምን ሆኖ ነው የሞተው ብላ ጠየቀች። ሌላዋ፣ «ቀይ ያየው ልጅ ነው አሉ፤ ከተመልካች ጋር ተደባድቦ እኮ ነው» አለቻት። እናቴ ሰልፉን ትታ ቤቷ ድረስ በእግሯ መጣች። ልትሄድበት ወደነበረው ቦታም እስካሁን አልሄደችም። እኔንም ትምህርት ቤት የቀዩ ወንድም ይሉኛል፣ እሱን እችለዋለሁ። ሰው ሪፖርት አያነብም፣ ካርድ ግን ያያል። ቀይ ማለት ተደባዳቢ ማለት ነው። ወንድሜ የሞተው አንዴ ነው፣ እናንተ ግን እዚያ ሰልፍ ላይ በየቀኑ ስሙን ታስወግሩታላችሁ።

ስለዚህ ያለምንም ድፍረት ውሳኔያችንን አሳውቅዎታለሁ። የሕሊና ጸሎቱን አንፈልግም። ሕሊና ያለው ሰው አንድ ደቂቃ ሙሉ አያስፈልገውም፣ ካርዱ ተሰርዟል ብሎ በድምፅ ማጉያ ለመናገር ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ይህን ከተናገሩ አባቴም እናቴም መጥተው ይቆማሉ፣ እኔም ከሁሉ ፊት ቆሜ አጨበጭብልዎታለሁ። ካልተናገሩ ግን ከቤታችን ማንም አይመጣም። ቡድናችንም በፍጻሜው አሥር ሆኖ ይገባል። አሠልጣኙም ተጫዋቾቹም ተስማምተዋል፣ ብዙ ጎል ሊገባብን እንደሚችል እናውቃለን። አንድ ሰው ለምን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ካለ እርስዎ ያስረዱልን። አምስት ቁጥር ውጣ ተብሎ እስካሁን እየወጣ ነው። ያስወጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ መመለሻውንም የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

በቀጣዩ ዓመት ውድድር ለዳኞቻችሁ ሰፋ ያለ ኪስ እንዲሰፋላቸው እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለልጆችዎ ደግሞ ከየትኛውም ቦታ ሲወጡ ሰላማዊ መንገድን ከልብ እመኛለሁ።

ፈቃድዎ ሆኖ እስከ መጨረሻው መስመር ላነበቡበት ትሕትናዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ኤቢሳ ቀጀላ
የፊራኦል ወንድም

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ እሑድ ለፍጻሜው ሜዳውን በኖራ ለማስመር የሚመጡት ልጆች ግራ እንዳይጋቡ አንድ ነገር ላሳውቅዎ። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ፣ ያለ ወንድሜ ብቻዬን በነቃሁበት በመጀመሪያው ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ከቤት ወጣሁ። እናቴ ትምህርት ቤት የሄድኩ መስሏት ነበር። ወደ ሜዳው ሄድኩ። ሣሩ ጤዛ ነበረው፣ ሰው ግን አልነበረም። ከአፋፉ ሥር ጀምሬ በዚያ ቀን የተወረወሩትን ድንጋዮች እየለቀምኩ መሐል ሜዳ ላይ ከመርኳቸው። ትልቁንም ትንሹንም አነሳሁ፣ አልመረጥኩም። ፀሐይ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ስትወጣ ክምሩ ጉልበቴ ጋ ደርሶ ነበር። እጄን በሣሩ ጠርጌ ዘግይቼ ክፍል ገባሁ። ክምሩን እስካሁን ማንም አልነካውም። ለፍጻሜው እንዲነሳ ማዘዝ የእርስዎ ሥልጣን ነው፣ አልቃወምም። ብቻ የሚያነሱትን ልጆች ቀስ ብለው እንዲይዙ ይንገሩልኝ። ከድንጋዮቹ አንዱ ወንድሜን የገደለው ነው፤ እያንዳንዱን አገላብጬ አይቻለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም።